ቀለሙ እንዳይጠፋ፤ ኮራልን በቤት ውስጥ ስለ መጠበቅ



ቀኑን ሙሉ በደብዳቤና በማኅተም መካከል ሲደክም የዋለ ሰው፤ ማታ ከቤቱ ሲገባ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አንዳች ነገር ይሻል። አንዱ በደጁ አበባ ይተክላል፤ አንዱ ወፍ ያኖራል፤ ሌላውም አኳሪየም በሚባለው የመስተዋት ገንዳ ውስጥ ዓሣ እያሳደገ ይደሰታል። ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ መካከል ግን ዓሣው ብቻ አልበቃ ብሎአቸው፤ የሞቃቱን ባሕር ወለል ራሱን፤ ይኸውም በአረንጓዴና በወይን ጠጅ፤ በብርቱካንና በሮዝ ቀለም ያጌጠውን ኮራል፤ ከአርባ ሊትር በማይበልጥ ውኃ ውስጥ ለማኖር የተነሡ ብዙ ሰዎች አሉ። ይህ ነገር በአውሮጳ፤ በአሜሪካና በጃፓን ከተሞች የተለመደ ሆኖአል፤ ከእናንተም መካከል በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ከሚኖር ዘመድ ቤት ያየው ሰው ሊኖር ይችላል። የዛሬው ንግግሬ በዚሁ ላይ ነው።

ነገሩ ሲያዩት እጅግ ያስጐመጃል። ሆኖም በመደብር ውስጥ እንደ ፍም ሲያበራ የታየው ኮራል ከቤት ከገባ በኋላ፤ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ወራት በላይ ሳይቈይ አንዳንዱ ይጠቍራል፤ አንዳንዱም ይነጣል፤ በመጨረሻም ከኖራ አጥንቱ በቀር ምንም አይተርፍም። ባለቤቱም «ገንዘቤን በከንቱ ፈጀሁ» ብሎ ያዝናል፤ ወዲያውም ሌላ ገዝቶ በዚያው ውኃ ውስጥ ይጨምራል፤ ያም ይሞታል። በእኔ አስተያየት ከመሣሪያ ማነስ የተነሣ የሚሞት ኮራል ጥቂት ነው። ብዙውን የሚገድለው መለዋወጥ ነው፤ ይህም ማለት የሙቀቱ፤ የጨውነቱና የብርሃኑ ከቀን ወደ ቀን ከፍና ዝቅ ማለት ነው። ኮራልን በትንሽ ገንዳ ለመጠበቅ የሚነሣ ሰው ዋና ሥራው ትናንት የነበረው ውኃ ዛሬም ያው እንዲሆን ማድረግ መሆኑን ከወዲሁ ቢያውቅ፤ ብዙ ነፍስ ያድናል፤ ገንዘቡም ይተርፈዋል። ለምን እንደዚህ እንደ ሆነ ለማስረዳት በመጀመሪያ ስለ ፍጥረቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

ኮራል ምንድን ነው? ዐረቦች መርጃን የሚሉት፤ ለዶቃ የሚሆነው ቀይ ጌጥ ከዚሁ ነገድ ነው። የጥንት ሊቃውንት ግማሾቹ ድንጋይ ነው፤ ግማሾቹም ዕፅ ነው ሲሉ ኖረዋል። ኢጣልያዊው ማርሲሊ በ1706 ዓ.ም. (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) ከባሕር የወጣውን ቀይ ኮራል በባሕር ውኃ ውስጥ ቢያኖረው ነጫጭ አበቦች ሲፈኩበት ስላየ፤ ዕፅ መሆኑ ያለ ጥርጥር ተረጋገጠ ተባለ። ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ ግን ዣን አንድሬ ፔይሶኔል የተባለ የማርሴይ ሐኪም በሰሜን አፍሪቃ ጠረፍ ሲመረምር፤ አበባ የተባለው ነገር ሲነኩት የሚሸማቀቅ ጥቃቅን እንስሳ መሆኑን ተረዳ። ይህንኑ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ጽፎ ቢልክ፤ ነገሩን ለጉባኤው ያሰማው ሬኦሚር የተባለው ታላቅ ሊቅ ደራሲው መሣቂያ እንዳይሆን አዝኖለት ስሙን ሳይጠራ አለፈ። ሬኦሚር ራሱ የሐኪሙን ትክክለኛነት በጽሑፍ ያመነው ከዐሥር ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ በ1742 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ኮራል እንስሳ ነው። አንዱ እንስሳ ፖሊፕ ይባላል፤ አካሉ ለስላሳ ከረጢት ሆኖ፤ ባፉ ዙሪያ እንደ ጣት የተዘረጉ መርዛማ ክሮች አሉት። ብዙ ፖሊፖች ጎን ለጎን ተያይዘው እንደ አንድ አካል ይኖራሉ። ደንጋያማ የሚባሉት ወገኖች ከውኃው ውስጥ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ ከበታቻቸው የኖራ አጥንት ይሠራሉ፤ ከሕዋ የሚታየው የአውስትራልያ ታላቅ የኮራል ግንብ በእንደዚህ ያለ ሥራ የተገነባ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በሥጋቸው ውስጥ የሚያድረው እንግዳ ነው። በካሬ ሴንቲ ሜትር ሥጋ ውስጥ፤ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ በቀር የማይታዩ አልጌዎች አንድ ሚልዮን ያህል ሆነው ይኖራሉ። እነዚህ ብርሃን እየተቀበሉ ስኳር ይሠራሉ፤ ከሠሩትም የሚበዛውን ለኮራሉ ይሰጣሉ። ኮራሉም በበኩሉ መጠለያ ይሰጣቸዋል፤ ከራሱ የሚወጣውን ትራፊም ምግብ አድርገው ይወስዱታል። የሞቃቱ ባሕር ውኃ ለምግብ ድኻ ሆኖ ሳለ ኮራል እንደዚያ ሊበዛ የቻለው በዚህ ውል ነው። ውሉ ግን በቀላሉ ይፈርሳል። ሙቀቱ ከለመደው መጠን አንድ ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቈየ፤ አልጌዎቹ በስኳር ፈንታ መርዝ ማምረት ይጀምራሉ፤ ኮራሉም ከሥጋው ያስወጣቸዋል። ያን ጊዜ ሥጋው እንደ ብርጭቆ ጠርቶ የኖራ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። ይህ በባሕር ውስጥ በ1998፤ ከ2014 እስከ 2017፤ ደግሞም ከ2023 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የደረሰ ጥፋት ነው። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፤ ሙቀቱ ቶሎ ከበረደለት አልጌዎቹን መልሶ ሊያስገባ ይችላል፤ ካልበረደለት ግን በረኀብ ይሞታል።

አሁን ስለ ቀለሙ እንናገር፤ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ስለ ቀለሙ ነውና። የአልጌዎቹ ቀለም ቡናማና ወርቅማ ነው። አረንጓዴው፤ ሮዙ፤ ሰማያዊው ግን የኮራሉ የራሱ ሥራ ነው፤ እርሱም አንዱን ብርሃን ተቀብሎ በሌላ ቀለም የሚመልስ ፕሮቲን በሥጋው ውስጥ ስለሚያበጅ ነው። እንዲህ ያለው አረንጓዴ ፕሮቲን በመጀመሪያ የተገኘው ከኮራል ዘመድ ከጄሊፊሽ ነው፤ ለሕክምና ምርምር ያለው ጥቅም እጅግ ታላቅ ስለ ሆነ በ2008 ዓ.ም. ሺሞሙራ፤ ቻልፊና ቺየን የተባሉት ሦስት ሊቃውንት የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ቀዩን ዓይነት በ1999 ዓ.ም. ያስታወቁት የሩስያ ተመራማሪዎች ያገኙት ዲስኮሶማ ከሚባለው እንጉዳይ መሳይ የኮራል ዘመድ ነው። ለዚህም ሥራቸው ወደ ሞቃት ባሕር መሄድ አላስፈለጋቸውም፤ እንስሳው በሞስኮ ከተማ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ይኖር ነበር።

ከዚህ የተነሣ የኮራልን ቀለም አስተውሎ የሚመለከት ሰው የውኃውን ጠባይ ያነብበታል። ናይትሬትና ፎስፌት የሚባሉት የምግብ ትራፊዎች በውኃው ውስጥ ሲበዙ፤ ወይም ብርሃኑ ሲያንስ፤ አልጌው ይበዛና ሌላውን ቀለም ሁሉ ይሸፍነዋል፤ ኮራሉም የቡና አተላ ይመስላል። በዚህ ጊዜ ኮራሉ ሕያው ነው፤ ለዓይን ግን አያምርም። በአንጻሩ ብርሃኑ ከመጠን ሲያልፍ፤ ወይም ውኃው ከመንጻቱ ብዛት የተነሣ ናይትሬትና ፎስፌት ፈጽሞ ሲጠፋበት፤ ቀለሙ ይገረጣል። ብዙ ጀማሪዎች «ንጹሕ» ማለት «ባዶ» ማለት እየመሰላቸው ኮራላቸውን የሚያስርቡት በዚህ ነው። ናይትሬት በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊ ግራም፤ ፎስፌትም ከአንድ ዐሥረኛ ሚሊ ግራም ያልበለጠ ሆኖ፤ ነገር ግን ሁለቱም ሳይጠፉ ቢገኙ መልካም ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ሰው «ትንሽ ስለ ሆነ ቀላል ነው» ይላል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ቍጥሩን አብረን እንመልከት። የባሕር ውኃ በኪሎ 35 ግራም ያህል ጨው አለበት። ከ40 ሊትር ገንዳ በቀን አንድ ሊትር ውኃ ቢተንን፤ ጨው ስለማይተንን የቀረው ውኃ ጨው ወደ 36 ይጠጋል። ባለቤቱ ሦስት ቀን ሳያየው ቢቀር 38 ሊደርስ ምንም አይቀረውም። በአራተኛው ቀን ደንግጦ ሦስት ሊትር ውኃ ባንድ ጊዜ ቢገለብጥበት ደግሞ ባንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 35 ይወርዳል። ያ ሦስት ሊትር ከ400 ሊትር ገንዳ ላይ ቢጠፋ ኖሮ ለውጡ ከሩብ ግራም ብዙ አያልፍም ነበር። ይህን ያህል ነው የትንሹ ገንዳ አስቸጋሪነት። ስለዚህ የተነነው ውኃ በየቀኑ፤ ቢቻልም ጧትና ማታ፤ በጥቂት በጥቂቱ መተካት አለበት፤ የሚተካውም በጨው ውኃ ሳይሆን በንጹሕ ጣፋጭ ውኃ ነው። በመስተዋቱ ላይ የውኃውን ልክ የሚያመለክት መሥመር ብታሰምሩ፤ ማንኛውም የቤት ሰው ሊረዳችሁ ይችላል። ከገንዳው አፍ ላይ መስተዋት ቢከደን ትነቱ ራሱ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንድ ጠያቂ «የሰሜን ቀይ ባሕር ጨው እስከ 40 ይደርስ የለምን? በፋርስ ባሕረ ሰላጤስ ኮራሎች በበጋ ከ33 ዲግሪ በላይ በሆነ ውኃ ይኖሩ የለምን?» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን የቀይ ባሕር ኮራል በ40 የሚኖረው ትናንትም፤ ከመቶ ዓመት በፊትም እዚያው ስለ ነበር ነው። ከኢንዶኔዥያ ወይም ከአውስትራልያ ተጭኖ የመጣ ኮራል በ35 ጨውና በ26 ዲግሪ ግድም ሲኖር የቈየ ነው፤ የለመደውን ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ብትለውጡበት ይሞትባችኋል።

ሙቀትን በሚመለከት የሚያስፈልገው እንደ አገሩ ይለያያል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖር ሰው ጭንቀቱ ሙቀት ነው፤ የቤቱ ማቀዝቀዣ በቀን ጠፍቶ ከዋለ ውኃው 30 ዲግሪ ያልፋል። ትንሽ የነፋስ ማራገቢያ በውኃው ፊት ላይ ቢነፍስ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ያበርዳል፤ ትነቱን ግን ስለሚያበዛ የሚተካውም ውኃ ይጨምራል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ ለሚሞክረው ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማሞቂያ ያለ ቴርሞሜትር መጠቀም አይገባም፤ የሌሊቱም ብርድ ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ 2,350 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለ ሆነ፤ ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው ሩብ ያህል ይጐድላል። ስለዚህ ዓሣው ጥቂት፤ የውኃውም ፊት ዘወትር የሚናወጥ መሆን አለበት። መብራት በጠፋ ጊዜ ሰው የሚጨነቀው ስለ ብርሃኑ ነው፤ ይሁን እንጂ ኮራል አንድና ሁለት ቀን ያለ ብርሃን መቈየት ይችላል። በቶሎ የሚገድለው የኦክሲጅን እጦት ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ያለው ሰው በሰላም ይተኛል፤ የሌለውም በየጊዜው ውኃውን በጆግ እየቀዳ ከፍ አድርጎ ቢመልሰው፤ ገንዳውንም በብርድ ልብስ ቢጠቀልለው፤ ሌሊቱን ያሳልፋል።

የዚህ ሥራ አባት ከሚባሉት ሰዎች አንዱ የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ ነው። እርሱ በ1961 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚታተም የዓሣ አርቢዎች መጽሔት ላይ ዘዴውን ሲገልጽ፤ አንባቢዎች ውስብስብ ማጣሪያ ጠብቀው ነበር። የእርሱ ገንዳ ግን ከባሕር የመጣ ሕያው ድንጋይ፤ የባሕር ውኃ፤ የፀሓይ ብርሃንና ጥቂት የአየር አረፋ ብቻ ነበረበት። ሕያው ድንጋይ የተባለው ቀዳዳ የበዛበትና በውስጡ ባክቴሪያዎች የሰፈሩበት የኖራ ድንጋይ ነው። ከዓሣ ሽንትና ከተረፈ ምግብ የሚወጣውን አሞንያ የሚባል መርዝ አንዱ የባክቴሪያ ወገን ወደ ናይትራይት፤ ሌላው ወገን ደግሞ ጕዳቱ ወደሚቀንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ኦክሲጅን በማይደርስበት በድንጋዩ ልብ ውስጥ ያሉትም ናይትሬቱን ወደ አየር ይመልሱታል። ይህ ማኅበር እስኪደራጅ አራትም ስድስትም ሳምንት ያስፈልገዋል፤ በእነዚያ ሳምንታት ገንዳው ድንጋይና ውኃ ብቻ ሆኖ መቈየት አለበት። ከጓደኞቻችሁ አንዳንዱ «ባዶ ውኃ ትመለከታለህን?» ብሎ ይሥቅባችኋል። ይሣቅ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ኮራል የገባበት ገንዳ በሁለተኛው ወር ባዶውን ሲቀር ማየት የተለመደ ነው።

ውኃውን በሚመለከት፤ ከባሕር ርቀን የምንኖር ሰዎች ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው በንጹሕ ውኃ እንበጠብጣለን። የወጥ ጨው ለዚህ አይሆንም። የቧንቧውም ውኃ እንዳለ አይሆንም፤ ክሎሪን አለበት፤ ከቧንቧው የሚፈልቅ መዳብም ይኖረዋል፤ መዳብ ለኮራል እጅግ ብርቱ መርዝ ነው። በመዳብ የተዘጋጀ የዓሣ መድኃኒትም በዚህ ገንዳ ውስጥ አይጨመርም። በየሳምንቱ ከአርባው ሊትር አራቱን አውጥቶ፤ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ተበጥብጦ በሙቀትም በጨውም ልኩ ከገንዳው ጋር በተካከለ ውኃ መተካት፤ በመደብር ከሚሸጡት የጠርሙስ መድኃኒቶች ከሞላ ጐደል ሁሉ ይበልጣል። የጐደለው ካልሲየም በዚሁ ይመለሳል፤ የበዛውም ቈሻሻ ይወጣል። እኔ በበኩሌ ለጀማሪ ሰው ጠርሙሶቹን አልመክርም፤ የሚጨምሩትን ነገር መጠን ሳይለኩ ማፍሰስ ራሱ መለዋወጥን ማምጣት ነውና።

ደንጋያማ ኮራሎች ሲበዙና ሲያድጉ ግን ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ከሳምንቱ በፊት ማለቅ ይጀምራል። ካልሲየም በሊትር 420 ሚሊ ግራም ያህል፤ ማግኒዝየም 1,300 ያህል፤ በጀርመን ዲግሪ የሚለካው የካርቦኔት ጥንካሬም ከ7 እስከ 9 እንዲሆን ይመከራል። በዚህ ወሰን ውስጥ ከየትኛው ላይ መቆም እንዳለበት ሰዎች ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ክርክሩ ብዙ ፍሬ የለውም። ዘወትር 7 ላይ ያለ ገንዳ ሰላም ነው፤ ዘወትር 9 ላይ ያለውም ሰላም ነው። ሰኞ 7 ሆኖ ረቡዕ 11 የሚሆነው ገንዳ ግን የኮራሉን ጫፍ ያቃጥላል። ለእናንተ መዝገብ መያዝን ማስተማር ለዓሣ ዋናን ማስተማር ይሆንብኛል፤ ቢሆንም ዕለቱን፤ የሙቀቱን ልክ፤ የጨውና የካርቦኔቱን መጠን በአንድ ደብተር ላይ በየሳምንቱ ጻፉ። ኮራል በታመመ ጊዜ መልሱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በፊት በተጻፈው መሥመር ላይ ይገኛል።

ስለ ብርሃን ብዙ አልናገርም። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ የኤልኢዲ መብራት በቀን ከስምንት እስከ ዐሥር ሰዓት በመቈጣጠሪያ እየበራና እየጠፋ ቢቈይ ይበቃል። አዲስ መብራት የገዛ ሰው በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ኀይሉ አያብራው፤ በጥቂቱ ጀምሮ ሦስትና አራት ሳምንት እየፈጀ ከፍ ያድርገው።

የውኃው መንቀሳቀስ ግን ሰው ከሚያስበው በላይ ታላቅ ነገር ነው። ኮራል ከቦታው አይነሣም፤ ምግቡንም ትንፋሹንም የሚያመጣለት፤ ቈሻሻውንም የሚወስድለት ውኃው ነው። በቀይ ባሕር ውስጥ፤ እጆቹን እንደ ልብ ትርታ ሳያቋርጥ የሚከፍትና የሚዘጋ ለስላሳ ኮራል አለ። ይህን ያህል የሚደክመው ለምን ይሆን ተብሎ ሲጠየቅ ኖሮ፤ በኤላት ባሕረ ሰላጤ የተመራመሩ ሰዎች በ2013 ዓ.ም. መልሱን አሳተሙ። እንስሳው እንደዚያ ሲያራግብ፤ አልጌዎቹ የሚያወጡት ኦክሲጅን በሥጋው ዙሪያ ተከማችቶ ሥራቸውን እንዳያግድባቸው ይጠርግላቸዋል፤ ምግብ የመሥራት ችሎታቸውም በብዙ እጥፍ ይጨምራል። እንደዚህ ያለ ማራገቢያ ለሌላቸው ኮራሎች ይህን አገልግሎት የምትሰጡት እናንተ በፓምፕ ነው። ነገር ግን ፓምፑ ፊት ለፊት እየመታ ሥጋውን እንዳይገፍፈው፤ ወደ መስተዋቱ ዞሮ ውኃውን በተዘዋዋሪ ያናውጠው።

የትኛውን ኮራል ልግዛ ለሚል ሰው፤ ከለስላሶቹ ይጀምር እላለሁ፤ ይኸውም ዲስኮሶማ የተባለውን እንጉዳይ መሳይ፤ ሳርኮፊተን የተባለውንም ወፍራም የቆዳ ኮራል። ከስድስት ወር በኋላ እነዚህ ከሰፉና ቀለማቸው ከጸና፤ ዩፊልያ የሚባለውን ረጃጅም ጣት ያለውን ደንጋያማ ኮራል ቢጨምር ያምርበታል። አክሮፖራ የተባለው ቅርንጫፋም ኮራል ውበቱ ብዙ ነው፤ እርሱ ግን የአንድ ዓመት ልምድ ላለው ሰው ይቈይ። ሲያስቀምጧቸውም አራርቆ ነው። ቀን ቀን እንደ አበባ ዝም ብለው የሚታዩት እነዚህ ፍጥረቶች ሌሊት ሲሆን ጐረቤታቸውን ይወጋሉ፤ ዩፊልያ ዐሥር ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚረዝም መርዛማ ክር አውጥቶ ሊደርስበት የሚችለውን ሁሉ ይገርፋል። ጧት ከጎኑ ያለው ኮራል ግማሽ አካሉ ነጥቶ ሲገኝ ባለቤቱ ውኃውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የቦታ አመዳደብ ነው። በአርባ ሊትር ውስጥ ስድስት ወይም ሰባት ኮራል ቢኖር ይበቃል። ዓሣም ቢሆን አንድ ወይም ሁለት ትንንሾች ብቻ ይሁኑ፤ የሚበሉትም በደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ይሁን።

አሁን ደግሞ የቤተ ሰባችሁን ደኅንነት የሚመለከት ብርቱ ነገር ልንገራችሁ። ዞአንቱስና ፓሊቶአ የሚባሉ፤ እንደ ጥቃቅን አዝራር ተደርድረው በልዩ ልዩ ቀለም የሚያበሩ፤ ዋጋቸውም ርካሽ የሆነ የኮራል ዘመዶች አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ መርዝ አላቸው፤ በዓለም ላይ ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ እጅግ ከበረቱት አንዱ ነው። በሐዋይ በማዊ ደሴት፤ ሐና በተባለው ስፍራ የጥንት ሰዎች የጦራቸውን ጫፍ የሚቀቡበት የባሕር «ሣር» እንደ ነበረ ይነገር ነበር፤ በ1971 ዓ.ም. ሊቃውንት መርዙን ለይተው ሲያወጡት ሣር የተባለው ከፓሊቶአ ወገን ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ድንጋይ ለማጽዳት ብላችሁ በፍጹም በውኃ አታፍሉ፤ በሙቅ ውኃም አትሹ። እንፋሎቱን በመተንፈሳቸው ቤተ ሰቡ በሙሉ ሆስፒታል የገባባቸው ጊዜያት አሉ። እጃችሁን ወደ ገንዳው ስታስገቡ ጓንት አድርጉ፤ እንስሳውን ስትቈርጡ መነጽር አይለያችሁ፤ ሕፃናትም እንዲነኩት አትፍቀዱ። ስለ ራሱ ስለ ገንዳውም አደጋ አንድ ነገር ልጨምር። በክፍሉ ውስጥ ፍሊት አይነፋ፤ ትንኝ የሚገድለው መድኃኒት በገንዳው ውስጥ ያሉትን ሸርጣንና ሽሪምፕ አይምርም።

ለሥራ ጉዳይ ከከተማ ስትወጡ ገንዳውን አደራ የምትሰጡት ሰው፤ ከቸርነት የተነሣ ምግብ እንዳያበዛ፤ የየዕለቱን ድርሻ በየወረቀቱ ጠቅልላችሁ ቀኑን ጻፉበት። የሚተካውንም ውኃ በጠርሙስ ለክታችሁ አስቀምጡለት።

በመጨረሻም ኮራሉ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። ደንጋያማ ኮራሎች፤ ሳይትስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቈጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ስለ ገቡ፤ ያለ ፈቃድ ወረቀት ከአገር ወደ አገር አይተላለፉም። ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት። ከጂቡቲ ወይም ከሌላ ጠረፍ የሚመለስ መንገደኛ ለማስታወሻ ብሎ ቅርንጫፍ ሰብሮ በሻንጣው ቢይዝ፤ ባሕሩንም ይጐዳል፤ በጉምሩክም ይጠየቃል። ለገንዳችሁ የሚሆነው ከባሕር የተነቀለው ሳይሆን፤ በሌላ ሰው ገንዳ አድጎ የተቈረጠው ነው። እንዲህ ያለው ቍራጭ የመስተዋት ኑሮን አስቀድሞ የለመደ ስለ ሆነ አብልጦ ይጸናል። አቈራረጡም ከባድ አይደለም። እንጉዳይ መሳዩ በስለታም ምላጭ ለሁለት ይከፈላል፤ ደንጋያማው በመቍረጫ ይሰበራል፤ በሱፐር ግሉ ከትንሽ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል፤ በጥቂት ሳምንታትም ቍስሉ ይድናል።

ይህ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ዘዴ ከመስተዋት ውጭም አገልግሎአል። በፍሎሪዳ ጠረፍ ለአኳሪየም የሚሆን ሕያው ድንጋይ በባሕር ወለል ላይ ያሳድግ የነበረው ኬን ኔዲማየር፤ ከዕለታት አንድ ቀን የአጋዘን ቀንድ የሚባለው፤ በዚያ አገር እየጠፋ የሄደው ኮራል ሳይጠራ መጥቶ በድንጋዮቹ ላይ በቅሎ አገኘ። እርሱም ያን እየቈረጠ አበዛ፤ ቍራጮቹንም ወደ ተራቈተው የባሕር ወለል ወስዶ እየለጠፈ ተከላቸው፤ በ2007 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ ያቋቋመው ድርጅት ከዚያ ወዲህ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ኮራሎች ተክሎአል። በ2023 ዓ.ም. በጋ የፍሎሪዳ ባሕር ከመጠን በላይ በሞቀ ጊዜ፤ ሠራተኞች ከባሕር ውስጥ ማሳደጊያዎች ብዙ ኮራሎችን እየነቀሉ በየብስ ላይ ወደ ተዘጋጁ፤ ሙቀታቸው ወደማይለዋወጥ ገንዳዎች አጓጓዙአቸው፤ ሙቀቱ እስኪበርድም ድረስ እዚያው ጠበቁአቸው።

የተሰጠኝ ጊዜ ስለ ተፈጸመ በዚሁ እሰናበታችኋለሁ።